ምርመራ የሚለው ዓምድ

(ለተመራቂ ተማሪዎችና ለሥራ ፈላጊዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አደራችሁ። አዳራሹ ገና በጠዋቱ ሞልቶ ሳየው ደስ ብሎኛል። አንዳንዶቻችሁ ሁለትና ሦስት ታክሲ ቀይራችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ነገሬ እገባለሁ።

ከ20 ዓመት በላይ በሠራተኛ ቅጥር ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። ስጀምር ማመልከቻ የሚመጣው በካኪ ፖስታ ታሽጎ ነበር፤ ዛሬ በኢሜይል፣ በድረ ገጽና በቴሌግራም ይመጣል። መንገዱ ተለወጠ እንጂ ሲቪው ያው ነው። በእነዚህ ዓመታት ሥራውን በሚገባ ሊሠሩ የሚችሉ ልጆች በወረቀታቸው ምክንያት ሲወድቁ ደጋግሜ አይቻለሁ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ እዚህ የቆምኩትም ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ሲቪያችሁ ከተላከ በኋላ የሚገባበትን ክፍል ላሳያችሁ። ለአንድ የሒሳብ ሠራተኛ ቦታ ማስታወቂያ ወጣ እንበል፤ ብዛት 1፣ ደመወዝ በስምምነት። የምዝገባው 10 የሥራ ቀን ሲያበቃ 300 ማመልከቻ ተቆልሏል። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሲቪውን ያነባል፣ ሌላው የማጣሪያ ቅጹን ይሞላል። ቅጹ ላይ ዓምዶች ተሰምረዋል፤ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ጾታ፣ የትምህርት ዓይነትና ደረጃ፣ የተመረቀበት ዓመት፣ አማካይ ውጤት፣ አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ። በመጨረሻ ላይ፣ በስተቀኝ ጥግ፣ «ምርመራ» የሚል፣ አጣሪው የተለየ አስተያየት ካለው የሚጽፍበት አንድ ባዶ ዓምድ አለ።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእናንተ ወረቀት ተራው ይደርሳል። አንባቢው ከጠዋት ጀምሮ ሲያነብ ውሏል፤ ዓይኑ ደክሟል። «ልምድ ስንት ዓመት?» ይላል የሚሞላው። አንባቢው ገጹን ይገልጣል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይገልጣል። ልምዱ በሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ተጽፏል፤ እሱ ግን አላየውም። «አልተገለጸም በል» ይላል። በዚያ ክፍል ውስጥ «እባክዎ ዝቅ ብለው ይመልከቱ» የሚልላችሁ ሰው የለም።

ስለዚህ የሲቪ የመጀመሪያ ሥራው እነዚያን ዓምዶች ሳያደናግር ማስሞላት ነው። ማስታወቂያውን እንደ ፈተና ጥያቄ አንብቡት። «ተፈላጊ ችሎታ» በሚለው ሥር የተጠየቀው ነገር ሁሉ በመጀመሪያው ገጽ ላይኛው ግማሽ ላይ በግልጽ መታየት አለበት። የብቃት ማረጋገጫ ከተጠየቀ እሱ ይጻፍ፤ የመውጫ ፈተና ያለፋችሁ፣ ማለፋችሁን ጻፉ። በአገራችን ሲቪ ውስጥ ግን ያንን የከበረ ቦታ የሚይዘው ሌላ ነው፤ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ዜግነት፣ አልፎ ተርፎም «የጤንነት ሁኔታ፦ በጣም ጥሩ»። ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይልና የምትኖሩበት ከተማ ይበቃል። ቅጹ ጾታና ዕድሜ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ከሆነ በመጨረሻ ላይ በአንድ መስመር አስፍሩት። የመታወቂያና የፋይዳ ቁጥራችሁን ግን ሲቪ ላይ አትጻፉ፤ ያ ወረቀት በስንት ሰው እጅ እንደሚዞር አታውቁም።

ይህ ሁሉ ግን ከመውደቅ ያድናል እንጂ ከሌላው ለይቶ አያሳይም። መስፈርቱን ያሟሉ 80 ሰዎች ቢገኙ፣ ዓምዶቻቸው በሙሉ ይመሳሰላሉ። ለፈተና ወይም ለቃለ መጠይቅ የሚጠሩት 10 ናቸው። ልዩነቱ የሚፈጠረው በዚያች በስተቀኝ ባለችው ዓምድ ነው። አንባቢው ድንገት ቆም ብሎ «ቆይ፣ ይህን ልብ በል፤ ምርመራ ላይ አንድ ነገር ጻፍለት» የሚልበት ጊዜ አለ። ያ ጊዜ ከመቶው ሲቪ በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ነው የሚመጣው።

ለምን በጥቂቶቹ ብቻ? ሲቪያችን የሚወለደው ብዙውን ጊዜ በአንድ የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ውስጥ ነው። በየዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ፣ በየክፍለ ከተማው መሥሪያ ቤት አጠገብ የምታውቋቸው ናቸው። ጸሐፊዋ አንድ የቆየ ፋይል ትከፍታለች፤ የቀድሞውን ሰው ስም ታጠፋለች፣ የእናንተን ትጽፋለች፣ ትምህርት ቤቱን ትቀይራለች፣ ታትማለች። «ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድንም ሆነ በግል መሥራት የምችል፣ የሥራ ጫና የምቋቋም» የሚለው ሳይነካ ያልፋል። ርእሱ ላይ የወንድ ስም ተጽፎ ከታች በፊርማው ቦታ የሌላ ሴት ስም የቀረበት ሲቪ በእጄ ገብቶ ያውቃል። በጸሐፊዋ አልፈርድም፤ እሷ የተከፈላት ለመተየብ ነው። ሕይወታችሁን ልትጽፍላችሁ አትችልም፤ አታውቀውማ። አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፉ ማመልከቻዎች በዝተዋል። እንግሊዝኛቸው ያማረ ነው፤ ግን አሥሩን በተከታታይ ስታነቡ የአንድ ሰው ደብዳቤ አሥር ጊዜ የተባዛ ይመስላችኋል። ሰዋስው እንዲያርምላችሁ ብትጠቀሙበት አልቃወምም። የሚታረመውን ነገር ግን እናንተ ማምጣት አለባችሁ።

የሚመጣው ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ በአንዲት ልጅ ታሪክ ላሳያችሁ። ስሟን አልጠራም።

በሒሳብ አያያዝ የተመረቀች ናት። ዜሮ ዓመት ልምድ በሚጠይቅ ቦታ ተወዳድራ ሳትመረጥ ቀረች። በማግሥቱ ቢሮዬ መጣችና ቆማ፣ በትሕትና፣ «ምን ጎድሎኝ እንደሆነ ቢነግሩኝ ለሚቀጥለው አስተካክላለሁ» አለችኝ። እንዲህ ብሎ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙው ተቆጥቶ ወይም ተስፋ ቆርጦ ይቀራል። ሲቪዋን ከፋይሉ አወጣሁት። አንድም ስህተት የለበትም፤ አንድም የሚያስቆም ነገርም የለበትም። ምርመራ የሚለው ዓምድ ባዶ ነበር።

«ከትምህርት ውጪ ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት። «ምንም አልሠራም፤ ቤት ነኝ» አለች። ትንሽ ቆየችና «የሰፈራችንን እድር መዝገብ ብቻ ነው የምይዘው» ብላ ጨመረች። ብቻ! የእድሩ ጸሐፊ አርጅተው ዓይናቸው ሲደክም፣ እሷ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለች መዝገቡን ተረከበች። 186 አባላት አሏቸው፤ እያንዳንዱ በወር 100 ብር ያዋጣል። በየወሩ 18,600 ብር መሰብሰብ፣ ባንክ ማስገባት፣ ቀብር ሲኖር ወጪ መፈረም ማለት ነው። የወረቀት መዝገቡ ከባንክ ደብተሩ ጋር አይገናኝም ነበር። ሁለቱን ወር በወር እያመሳከረች ወደ ኤክሴል አስገባችው። ከዚያ በኋላ የ23 አባላት ውዝፍ ወጣ፤ ከመካከላቸው አምስቱ ከፍለው ያልተመዘገበላቸው መሆኑን ደረሰኝ አምጥተው አሳዩ፣ አስተካከለችላቸው። በየሦስት ወሩ በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ቆማ ሪፖርት ታነባለች። ሽማግሌዎች እየጠየቋት ትመልሳለች።

አስቡት። ገቢና ወጪ አመሳክራለች፣ ውዝፍ ተከታትላለች፣ የመዝገብ ስህተት አርማለች፣ ለባለቤቶቹ ሪፖርት አቅርባለች። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ከዚህ ሌላ ምን ይሠራል? ይህ ሁሉ ግን ሲቪዋ ላይ የለም። በምትኩ «ማይክሮሶፍት ኦፊስ እችላለሁ፤ ታታሪ ነኝ» ይላል።

«ይሄ እኮ ሥራ አይደለም፤ ደመወዝ የለውም» አለችኝ። ልምድ ማለት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ብቻ ነው ብለን ስላስተማርናቸው ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የልምድ ዓመት ለመቁጠር ደብዳቤው ግድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የእድሩ መዝገብ በዚያ ዓምድ ውስጥ አይገባም። ሲቪ ግን የተሠራው ደብዳቤ ያላገኘውን ችሎታም እንዲያሳይ ነው። አዲስ ተመራቂ የሆናችሁ ሁሉ ተመልሳችሁ ፈልጉ። የእናታችሁን የሱቅ ዱቤ መዝገብ ይዛችሁ ይሆናል። በክረምት የሰፈር ልጆችን አስጠንታችሁ ይሆናል፤ ስንት ልጆች፣ ምን አስተማራችኋቸው፣ ስንቱ አለፉ? የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ስትሠሩ መጠይቅ ይዛችሁ ስንት ቤት አንኳኳችሁ? የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የመስጊድ ማኅበር ገንዘብ ያዥ የነበራችሁ፣ የተግባር ልምምድ ወጥታችሁ አንድ ነገር አስተካክላችሁ የተመለሳችሁ አላችሁ። እሱን ጻፉ።

ለምን ይከብደናል? ያደግነው ራስን ማመስገን ነውር ነው እየተባልን ነው። መልካም አስተዳደግ ነው፤ አልነቅፈውም። ግን ይኸው ባህል ፉከራንም ሰጥቶናል። ጀግና ከጦር ሜዳ ሲመለስ በአለቃው ፊት ሲፎክር «ጎበዝ ነኝ» ብሎ ብቻ አይቀመጥም። የት እንደዋለ፣ ምን እንደጣለ፣ ምን እንደማረከ ይዘረዝራል፤ ግዳዩንም ያሳያል። አብረውት የዋሉት ቆመው እየሰሙ ነው፤ ያልሠራውን ቢጨምር እዚያው ይጋለጣል። «ታታሪ፣ ታማኝ፣ ትጉህ» ማለት ራስን ማመስገን ነው። «186 አባላት ያሉትን የእድር መዝገብ ከባንክ ሒሳቡ ጋር አመሳክሬ የ23 ሰዎችን ውዝፍ አወጣሁ» ማለት ግን ሥራን መቁጠር ነው። ነውር የለበትም።

ልምድ ያላችሁም ከዚህ አታመልጡም። በዕድሜ የገፉ አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ድርጅታቸው ተዘግቶ ሥራ ይፈልጉ ነበር። 16 ዓመት ሠርተዋል። ሲቪያቸው ላይ ያለው «ንብረት መረከብና ማስረከብ፤ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 መቁረጥ፤ የቢን ካርድ መመዝገብ» የሚል ነው። የዕቃ ገቢና ወጪ ደረሰኞችና የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ ማለት ናቸው። ይህ የመደቡ የሥራ ዝርዝር ነው፤ በየትኛውም መጋዘን የተቀመጠ ሰው የሚሠራው። «እርስዎ ዓመታዊ ቆጠራ ላይ ጉድለት ተገኝቶብዎት ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ከወንበራቸው ቀና አሉ። «አንድም ቀን!» አሉኝ። ቀጠሉና ነገሩኝ፤ መጋዘኑን ሲረከቡ መካኒክ አንድ መለዋወጫ ለማግኘት ግማሽ ቀን ይጠብቅ ነበር። እሳቸው ዕቃውን በመኪና ዓይነት ለይተው፣ መደርደሪያውን ሁሉ ቁጥር ሰጥተው፣ በደቂቃዎች ውስጥ እንዲገኝ አደረጉት። ሲቪያቸው ላይ «ከ3,000 ዓይነት በላይ መለዋወጫ የያዘ መጋዘን ለ16 ዓመት፤ በየዓመቱ ቆጠራ ያለ ጉድለት» የሚለው መስመር ሲገባ ሰውየው ሌላ ሰው መሰሉ። እሳቸው ግን ያው ነበሩ።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ የሥራ ዝርዝር ፊት ለፊት አንድ ጥያቄ አስቀምጡ፤ እኔ በመኖሬ ምን ተለወጠ? ነርስ ከሆናችሁ ስንት አልጋ ባለበት ክፍል፣ በምን ፈረቃ፣ ስንት አዲስ ሠራተኛ አለማመዳችሁ? ቁጥር ከሌለ በፊት የነበረውንና በኋላ የሆነውን ጻፉ። ቁጥር ፈጥራችሁ ግን አታስገቡ። ቃለ መጠይቅ ላይ «ይህን እንዴት አሰላችሁት?» መባሉ አይቀርም።

አሁን ጥቃቅን የሚመስሉ፣ ግን ሰው የሚጥሉ ነገሮችን ቶሎ ቶሎ ልበል። አንደኛው ዘመን አቆጣጠር ነው። አንድ ሲቪ ላይ «ሐምሌ 2010 ተመረቀ» ይላል፤ ዝቅ ብሎ «ኦክቶበር 2018 ሥራ ጀመረ»። አንባቢው ስምንት ዓመት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰው ያያል። ልጁ ግን ምርቃቱን በኢትዮጵያ፣ ሥራውን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጻፈ እንጂ በመካከሉ ያለው ሦስት ወር ብቻ ነው። አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው በእሱ ጻፉ፤ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁም ግለጹ። ሌላው የስም አጻጻፍ ነው። ፀሐይ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ዲግሪው ላይ በአንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ ዓይነት፣ ሲቪው ላይ በሦስተኛ ዓይነት ይጻፋል፤ ማስረጃ ሲመሳከር ሦስት ሰው ይሆናል። ዲግሪያችሁ ላይ እንዳለው ጻፉ። በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አትላኩ፤ ፒዲኤፍ አድርጉት፣ የፋይሉን ስም በራሳችሁ ስምና በሥራ መደቡ ሰይሙት። ማስታወቂያው በአማርኛ ከሆነ በአማርኛ ማመልከት አያሳፍርም። አሜሪካ ያለ ዘመዳችሁ «ፎቶ አታድርጉበት» ቢላችሁ እውነቱን ነው፤ እዚያ አሠሪዎች አድልዎ አደረጋችሁ እንዳይባሉ ፎቶና ዕድሜ ማየት አይፈልጉም። እዚህም ካልተጠየቃችሁ አስፈላጊ አይደለም።

የሥራ ልምድ ደብዳቤን በተመለከተ አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። ማስታወቂያዎች «ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚገልጽ መሆን አለበት» ይላሉ። ይህ ዓረፍተ ነገር የጎደለበት ደብዳቤ የስንቱን ልፋት ከንቱ አድርጓል! ደብዳቤውን ስትቀበሉ እዚያው አንብቡት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራችሁን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመናችሁንና ደመወዛችሁን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው፤ የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ብቻ ሳይሆን ሥራ ላይ እያላችሁም ብትጠይቁ። እንደ ልመና አትቁጠሩት። ከአለቃ ጋር ከተጣሉ በኋላ ከመሮጥ በሰላሙ ጊዜ መጠየቅ ይሻላል።

በመሀል ሥራ ያቋረጣችሁ አላችሁ። ልጅ ወልዳችሁ፣ ወላጅ አስታምማችሁ፣ ከጦርነት ሸሽታችሁ። ኢትዮጵያ በ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከአጎዋ፣ ማለትም ከአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል፣ እንድትወጣ ስትደረግ ሥራቸውን ካጡት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች መካከልም እዚህ የምትሰሙኝ ትኖሩ ይሆናል። ክፍተቱን ዓመተ ምሕረት በማምታታት አትደብቁት። «ፋብሪካው ምርት በመቀነሱ ሥራ አቆምኩ፤ በዚህ ጊዜ ልብስ እየሰፋሁ ቤተሰቤን አስተዳደርኩ» የሚል አንድ መስመር ያነበበ ሰው ያከብራችኋል። ቢያንስ እኔ አከብራለሁ፤ እንደ እኔ ያሉ ብዙ ባልደረቦችም አውቃለሁ።

«ሰው ከሌለኝ ሲቪ ምን ያደርጋል?» የምትሉ እንዳላችሁ ከፊታችሁ አነባለሁ። በዘመድ የሚቀጠር ሰው የለም ብዬ አልዋሻችሁም። አለ፤ ያሳዝነኛልም። ደግሞም ሲቪ ብዙ የማይሠራባቸው ቦታዎች አሉ። ባንኮች አዲስ ተመራቂዎችን በብዛት ሲቀጥሩ በአብዛኛው የሚለዩት በውጤትና በጽሑፍ ፈተና ነው፤ እዚያ ለፈተናው አጥኑ። ግን ዘመድ ያለውም ሰው «ሲቪህን ላክልኝ» ነው የሚባለው። ሊረዳችሁ የሚፈልግ ቅን ሰው እንኳ ለአለቃው የሚያሳየው ነገር ያስፈልገዋል። መካከለኛ የግል ድርጅቶች፣ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች፣ አዲስ የሚከፈቱ ሆቴሎችና ፋብሪካዎች ሥራ የሚችል ሰው አጥተው ሲጨነቁ አውቃለሁ። ማስታወቂያ ደጋግመው የሚያወጡት ለዚህ ነው።

ስለ ሐሰት ማስረጃ የምለው አጭር ነው። ዲግሪያችሁ ትክክለኛ መሆኑ ከሰጠው ተቋም ሬጅስትራር በደብዳቤ ይጠየቃል፤ መልሱ ቢዘገይም ይመጣል። ከተቀጠሩና ትዳር ከመሠረቱ በኋላ የመጣባቸው ሰዎች አውቃለሁ።

ወደዚያች ልጅ ልመለስ። ወረቀቷን ይዛ ሄደች፤ በአንድ ገጽ ጻፈችው። ከወራት በኋላ ሌላ ቦታ ማስታወቂያ አወጣን፤ እሷም እንደማንኛውም ሰው አመለከተች። የማጣሪያው ዕለት እኔ ለሥራ ክፍለ ሀገር ነበርኩ፤ ያጣሩት ሁለቱ ባልደረቦቼ አያውቋትም። ስመለስ የተሞላውን ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁት። ከ200 በላይ ስም አለበት። ተራ በተራ ወደ ታች ስወርድ ስሟ ላይ ደረስኩ። በስተቀኝ ባለው ዓምድ፣ በእስክሪብቶ፣ «የእድር ሒሳብ ይዛለች፤ ውዝፉን እንዴት እንዳወጣች ይጠየቅ» ተብሎ ተጽፏል።

ተጠየቀች። ከቃለ መጠይቁ ግማሹ ያለቀው ከፍለው ስላልተመዘገበላቸው ስለ አምስቱ ሰዎች ስታስረዳ ነበር።